ስለ እንግዳ ጥበብና ስለ አደባባይ ክርክር

“ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ” ሲባል ያልሰማ ያገራችን ሰው የለም። አባቶቻችን ፊት ለፊት ቢናገሩት አንገት የሚያስቆርጠውን ነገር በተረት፣ በቅኔና በዘፈን እየሸፈኑ ሲያሳልፉት ኖረዋል፤ ሰሚውም ሰሙን ገፎ ወርቁን የማውጣት ብልሃት አያንሰውም ነበር። ታዲያ ይህን የመሰለ የቆየ ልማድ ባለበት አገር፣ በ1913 ዓ.ም. ገደማ፣ አራዊት እንደ ሰው እየተነጋገሩ የሚታዩበት አንድ ቴያትር ቤተ መንግሥቱን እስከ ማስቆጣት ያደረሰው ምን ቢሆን ነው? አራዊትን ማናገር አዲስ ነገር አልነበረም፤ በየምድጃው ዳር አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው ሲያናግሯቸው ያመሹ ነበርና። በሹማምንት ላይ መቀለድም አዲስ አልነበረም፤ አዝማሪ በማሲንቆው ስንቱን ጌታ ፊቱ ቆሞ ሸንቁጦታል። እንግዲህ አዲስ የነበረው የነገሩ አቀራረብ ብቻ ነው ማለት ነው። የአቀራረብ አዲስነት ብቻውን መንግሥትን ሊያስጨንቅ የሚችል ከሆነ ደግሞ፣ ጥበብ መልክዋን በለወጠች ጊዜ በሕዝብ ጉዳይ ላይ ምን እንደምታመጣ መመርመር ሥራ ፈትነት አይመስለኝም።

የዚያ ቴያትር ደራሲ ፊታውራሪ፣ በኋላም በጅሮንድ፣ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ገና በልጅነታቸው ከራስ መኰንን ሠራዊት ጋር ዐድዋ ዘመቱ፤ ከዚያም ወደ ሩስያ ተወስደው እዚያ አደጉ፤ የመድፈኛ መኰንንነትንም ተማሩ። ወዳገራቸው ተመልሰው ባዩ ጊዜ በከተማው ቴያትር እየተባለ የሚታየው ዘፈንና ጭፈራ ስለ ነበር፣ እውነተኛው ቴያትር ምን እንደ ሆነ ለማሳየት ብዕራቸውን አነሡ። “ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ” ብለው የሰየሙትን ድርሰት የጻፉት የፈረንሳዩን ባለተረት የላ ፎንቴንን ፈለግ ተከትለው ነው። በአዲስ አበባ በተራስ ሆቴል መኳንንቱ በተሰበሰቡበት ታየ። ውሎ ሳያድር ግን የአስተዳደሩን ብልሹነት የሚነቅፍ መሆኑ ታወቀና ንግሥት ዘውዲቱ ከለከሉት፤ የታተመውም መጽሐፍ እንዲሰበሰብ ተደረገ።

ይህን ለመረዳት በዚያ ዘመን የነበረውን የአዲስ አበባን ኑሮ ማሰብ ያስፈልጋል። ዘውዱ የንግሥት ዘውዲቱ፣ የመንግሥቱ ሥራ ደግሞ የአልጋ ወራሹ የራስ ተፈሪ ነበር፤ መኳንንቱም የቀድሞውን ሥርዓት እንጠብቅ በሚሉና አገሪቱን በአዲስ መንገድ እንምራ በሚሉ ተከፍለው ነበር። በ1910 ዓ.ም. መሐል ሰፋሪ ተሰብስቦ ሚኒስትሮቹ እንዲሻሩ አስገድዷል። ስለዚህ ፖለቲካ አልነበረም ለማለት አይቻልም፤ ፖለቲካስ ሞልቶ ተርፎ ነበር። ያልነበረው በግልጽ የሚነገርበት ስፍራ ነው። “አእምሮ” የምትባለው ጋዜጣ በጥቂት ቅጂ አልፎ አልፎ ስትወጣ የኖረች እንጂ የሕዝብ መከራከሪያ አልነበረችም፤ “ብርሃንና ሰላም”ም ገና በ1917 ዓ.ም. ነው የተጀመረችው። የመንግሥት ነገር የሚወራው በእልፍኝ ውስጥ በሹክሹክታ፣ ከእልፍኝ ውጭ ደግሞ በመጠጥ እያሳበቡ ነበር። ሹክሹክታ ግን ክርክር አይደለም። በሹክሹክታ የሚናገር ሰው የሚመስለውን መርጦ ስለሚናገር የሚቃወመው አያገኝም፤ የሚቃወመው ያላገኘ ሐሳብም እውነት ይሁን ሐሰት ሳይለይ በልብ ውስጥ ሲጉላላ ይኖራል።

አዝማሪው ጌታውን በነገር ሲወጋው ጌታው ይስቃል፤ ይሸልመዋል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ዋጋ የተከፈለበት ስድብ እንደ ጨዋታ ስለሚቆጠር ማንንም አያስጠይቅም። ደግሞም አዝማሪው የትናንትናውን ቃል ዛሬ “አላልሁም” ሊል ይችላል። ተረትም እንደዚሁ ለልጅ የሚነገር መስሎ ስለሚያልፍ ወርቁን የሚያወጣው እያንዳንዱ ለየብቻው ነው። ቴያትር ግን ሰውን በረድፍ አስቀምጦ ፊቱን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዞረዋል። መቶ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ያያል፤ ከዚህም ይልቅ፣ ጎረቤቱ የሳቀበትን ቦታ ያያል። ዋናው ምሥጢር ይህ ይመስለኛል። ሰው ለብቻው ሲስቅ ስለ ምን እንደ ሳቀ የሚጠይቀው የለም፤ ባጠገቡ የተቀመጠው ሰው በዚያው ቃል መሳቁን ሲያይ ግን “ለካ አንተም ይህን ታውቀዋለህ” ይላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በየልቡ ተቀብሮ የነበረው ሐሳብ የጋራ ገንዘብ ይሆናል፤ ወጥተውም በቅሏቸውን እስኪያስጭኑ ድረስ ሳይነጋገሩበት አይለያዩም። መጽሐፍም ሆኖ ታትሟልና “አላልሁም” ማለት አይቻልም።

የዶሮውን ሌባ ተረት አንባቢ ሳይሰማው አይቀርም። ዶሮ ጠፍቶ መንደሩ ተሰብስቦ ሳለ አንድ ሽማግሌ “የሰረቀው ሰውዬ ላባው ራሱ ላይ ቀርቷል” ቢሉ፣ ሌባው እጁን ወደ ራሱ ሰደደ ይባላል። ተክለ ሐዋርያት የማንንም ሹም ስም አልጠሩም፤ የተናገሩት አራዊት ናቸው። የተቆጣ ሰው የተቆጣበትን ምክንያት ሲጠየቅ ግን “ያ አውሬ እኔ ነኝ” ከማለት በቀር ምን መልስ አለው? ስለዚህ የክልከላው ትእዛዝ ራሱ የቴያትሩ የመጨረሻ ገቢር ሆነ ብል ማጋነን አይመስለኝም። ቴያትሩን ያላየ የከተማ ሰው ሁሉ ክልከላውን በሰማ ጊዜ “ምን ቢሉ ነው?” ብሎ መጠየቁ አይቀርምና።

ይሁን እንጂ ሥራውን ከመጠን በላይ ማወደስ አይገባም። በተራስ ሆቴል የተቀመጡት ባለ ማዕረጎችና ዘመኑ ያስተማራቸው ሰዎች ነበሩ፤ ብልሹው አስተዳደር የሚያስለቅሰው ገበሬ በዚያ ጊዜ ከከብቶቹ ጋር ነበር። ስለ እርሱ የተነገረውን እርሱ አልሰማውም። ክልከላውም ከንቱ ሆኖ አልቀረም። ቴያትር እንደገና ራሱን ቀና ያደረገው ንጉሠ ነገሥቱ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ፣ እነ ዮፍታሔ ንጉሤ በተነሡ ጊዜ ነው፤ ያም ቴያትር በአብዛኛው የሚመክርና የሚያሞግስ እንጂ መንግሥትን የሚነቅፍ አልነበረም። እንዲህ ሆኖ ብዙ ዓመት በከንቱ አለፈ።

አንድ ነገር ግን ዘወትር ያስገርመኛል። በዚያው በ1923 ዓ.ም. የአገሪቱን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኒሁ ተክለ ሐዋርያት ናቸው። አራዊትን ስላናገረ የተከለከለ ብዕር አንቀጽ እንዲደነግግ ተጠራ። ይህ የሆነው በቴያትሩ ምክንያት ነው አልልም፤ ሰውዬው የተማሩና የታወቁ ስለ ነበሩ ነው። ሆኖም ሁለቱ ጽሑፎች የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም የሚገዛ ሰው በምን ይገዛል የሚል ነው። ቴያትሩ ጥያቄውን ለተመልካች ትቶለት ሄደ። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ መልስ ሰጠበት፤ መልሱም ሥልጣኑን በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ይበልጥ ያጠበቀ ነበር። ከሁለቱ የቱ የበለጠ እንዳገለገለን ለመፍረድ እቸገራለሁ።

እንግዳ ጥበብ ሁሉ ክርክር ያስነሣል ብሎ ማመን ደግሞ ሞኝነት ነው፤ ክርክርና ጫጫታ አንድ አይደሉምና። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1896 በፓሪስ ከተማ የአልፍሬድ ዣሪ “ንጉሥ ኡቡ” የተባለ ቴያትር ሲከፈት፣ ተዋናዩ ከአፉ ያወጣው የመጀመሪያ ቃል ፊደል የተጨመረበት የብልግና ቃል ነበርና አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። ድርሰቱ ሆዳምና ፈሪ ስለ ሆነ ጨቋኝ የሚናገር ነው፤ ነገር ግን የዚያን ሌሊቱ ጠብ ስለ ቃሉ እንጂ ስለ ጨቋኙ አልነበረም። በኋላ ዘመን አምባገነኖች በአውሮፓ በተነሡ ጊዜ ያ ሆዳም ንጉሥ የታወቀ ፊት መሰለ እንጂ፣ በመጀመሪያ ያተረፈው ሁካታ ነው። ዛሬም ሰውን ማስደንገጥን እንደ ሥራ የያዙ አሉ። የደነገጠ ሰው ይጮኻል፣ ይሸሻል፤ ቁጭ ብሎ ግን አይከራከርም።

ሌላው ምስክሬ ከቴያትር ወደ ሥዕል ይወስደናል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1937፣ በገበያ ቀን፣ ለጄኔራል ፍራንኮ የወገኑ የጀርመንና የኢጣልያ አውሮፕላኖች በስፔን በባስክ አገር ያለችውን የጌርኒካን ከተማ ደብድበው አቃጠሏት። ለእኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከዚያ ዓመት ከአራት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን ደብድበው ነበር፤ በዚያው ጦርነትም የመርዝ ጋዝ ከሰማይ አዝንመዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔም ጌርኒካ ሲባል ስሰማ የምትታየኝ ደሴ ናት።

ፓብሎ ፒካሶ በዚያ ዓመት በፓሪስ ለሚከፈተው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን፣ ለስፔን ሪፑብሊክ አዳራሽ የሚሆን ትልቅ ሥዕል እንዲሠራ ቀደም ብሎ ታዞ ነበር። የጌርኒካ ወሬ ከደረሰው በኋላ ግን ሌላውን ሐሳብ ሁሉ ትቶ፣ በሜይ መጀመሪያ የጀመረውን ሥራ በጁን መጀመሪያ ፈጸመ። ሸራው ቁመቱ ወደ 3.5 ሜትር፣ ወርዱ ወደ 7.8 ሜትር ይሆናል፤ ቀለሙም ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ብቻ ነው። አፉን ከፍቶ የሚጮኽ ፈረስ፣ የሞተ ልጅዋን ታቅፋ ወደ ላይ የምታንጋጥጥ እናት፣ ዝም ብሎ የቆመ ኮርማ፣ የተሰበረ ሰይፍ ጨብጦ የተዘረረ ሰው ይታይበታል። የሰውና የእንስሳው አካል የተቆራረጠና ያለ ቦታው የተገጠመ ነው። አውሮፕላን የለበትም። ቦምብ የለበትም። የጠላት ባንዲራም የለበትም።

ከሪፑብሊኩ ወዳጆች መካከል እንኳ “ይህን ተራው ሰው እንዴት ይረዳዋል? ግልጽ ተደርጎ ቢሠራ አይሻልም ነበር ወይ?” ያሉ ነበሩ። ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም፤ አገራቸው እየነደደች ነበርና። እኔ እንደሚመስለኝ ግን የሥዕሉ ኀይል የጠላት ምልክት በሌለበት በዚያ ባዶ ስፍራ ላይ ነው። የጠላት ባንዲራ ተሥሎበት ቢሆን ኖሮ ተመልካቹ “እገሌ ክፉ ነው” ብሎ ፈርዶ ወደ ቤቱ በሄደ፣ ጦርነቱም ሲያልቅ ሥዕሉ አብሮ ባረጀ ነበር። ባንዲራ ስለሌለበት ግን፣ አውሮፕላን ያለው መንግሥት ዜጋ ሁሉ ፊቱ ሲቆም “ይህ የእኛም እጅ ያለበት ይሆን?” ብሎ ሳይወድ ይጠይቃል። ተክለ ሐዋርያትም የሹሙን ስም ትተው አውሬ ባቆሙ ጊዜ ያደረጉት ይህንኑ ነው። የጎደለውን ስም የሚሞላው ተመልካቹ ነው፤ ሲሞላውም ከጎረቤቱ ጋር ላይስማማ ይችላል። ከዚያ ወዲያ ነው ክርክር የሚባለው ነገር የሚወለደው።

ሥዕሉ በኒው ዮርክ ብዙ ዘመን ተቀምጦ ፍራንኮ ከሞቱ በኋላ በ1981 ወደ ስፔን ተመለሰ። በ1955 በክር የተሠራ አንድ ግልባጭ ደግሞ አለ፤ እርሱም ከ1985 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት ቤት በጸጥታው ምክር ቤት መግቢያ አጠገብ ተሰቅሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2003 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፖዌል በኢራቅ ላይ ስለሚቀርበው ክስ ለምክር ቤቱ ሲናገሩ፣ ግልባጩ በሰማያዊ መጋረጃ ተሸፍኖ ተገኘ። የተሰጠው ምክንያት ለቴሌቪዥን ካሜራ የማይመች ነው የሚል ነበር። እውነት ሊሆን ይችላል፤ እኔ የሰው ልብ አልመረምርም። ነገር ግን መጋረጃው በየአገሩ ጋዜጣ ወሬ ሆነ። ሳይሸፈን በቀረ፣ ዲፕሎማቶቹ ኮታቸውን እያስተካከሉ በፊቱ ባለፉ፣ አንድም ሰው ቀና ብሎ ባላየው ነበር። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጌጥ ሆኖ ነበርና። ከዚህ የምንማረው አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ፤ እንግዳ ጥበብም እንደ ማንኛውም ነገር ይለመዳል፤ ከተለመደ በኋላ ምንጣፍ ይሆናል፤ ተመልሶ የሚቀሰቅሰውም አንዳንድ ጊዜ ሊሸፍነው የመጣው ሰው ነው። ንግሥት ዘውዲቱ መጽሐፉን ባሰበሰቡበትና ያ መጋረጃ በተሰቀለበት ዘመን መካከል ሰማንያ ዓመት ያህል አለ፤ የሁለቱም ፍሬ ግን ሊያስቀሩት ያሰቡትን ጥያቄ ማብዛት ሆነ።

ኃያል ሰው በማይገባው ነገር ስለ ምን ይቆጣል? የማይገባው ከሆነ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልምን? ለዚህ ጥያቄ ከኒኪታ ክሩሽቾቭ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1962 በሞስኮ በማኔዥ አዳራሽ የተዘጋጀውን ኤግዚቢሽን ሊጎበኙ ሄደው፣ በአዲስ ዓይነት በተሠሩ ሥዕሎችና ቅርጾች ፊት ቆመው እየተቆጡ በብልግና ቃል ተሳደቡ። ኤርንስት ኒዝቬስትኒ የተባለው ቀራፂ ግን አንገቱን ደፍቶ አልሄደም፤ ስለ ሥራው ፊት ለፊት ተከራከራቸው። ይህ የሆነው ስታሊን ከሞተ ዐሥር ዓመት ባልሞላበት አገር ነው። ትራክተር የሚነዳ ደስተኛ ገበሬ የተሣለበትን ሥዕል ባለሥልጣን ማዘዝ ይችላል፤ ጎደለ ማለት፣ አቃና ማለት ይችላል፤ ምን መልስ እንደሚሰጥ አስቀድሞ ያውቀዋልና። ቅርጹ የማይታወቀውን ሥራ ግን ሊያዝዘው አይችልም። ባይገባውም ሌላው ሰው ገብቶት ይሆናል ብሎ ይፈራል። በእርሱ ፊት ሌሎች እየተያዩ የሚግባቡበት ቋንቋ እንዳለ ሲጠረጥር ይጨነቃል። ቁጣውን ያመጣው ይህ ጭንቀት ይመስለኛል።

ከዚያ ቀን በኋላ መንግሥቱ በሠዓሊዎቹ ላይ አጠበቀ፤ ስለዚህ ያ ክርክር ነፃነት አመጣ ብሎ መዋሸት አያስፈልግም። ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አላለቀም። ክሩሽቾቭ ከሥልጣን ተሽረው ቆይተው በ1971 በሞቱ ጊዜ፣ ቤተ ሰባቸው የመቃብራቸውን ሐውልት እንዲሠራ የለመኑት ያንኑ ኒዝቬስትኒን ነው። እርሱም ጥቁርና ነጭ ድንጋይ እርስ በርሱ አገጣጥሞ ሠራው፤ የሰውዬውንም ራስ በመካከሉ አኖረ። ብዙዎች የመልካምና የክፉ ሥራቸው ምሳሌ ነው ብለው ይተረጉሙታል። የተሳደቡበት ዓይነት ጥበብ ስለ እርሳቸው የሚፈርድ ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ መቃወሚያ አለ፤ ልሸሸውም አልፈልግም። “ሕዝብ የማይረዳውን ሥራ ሠርቶ ስለ ሕዝብ ተናገርሁ ማለት ትዕቢት ነው” ይላሉ። ባገራችንም ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ፣ በ1950ዎቹ ዓመታት ረቂቅ ሥዕሎቹን በአዲስ አበባ ባሳየ ጊዜ “ይህ የፈረንጅ ነው፤ የኛ አይደለም” የሚል ነቀፌታ ደርሶበታል። ነቀፌታው ስለ ቀለም የተነገረ ይመስላል። ጠለቅ ብለን ስናየው ግን “የኛ” ማለት ምን ማለት ነው ወደሚለው ይወስደናል፤ ኢትዮጵያዊነት አባቶች ጽፈውት የዘጉት መዝገብ ነው ወይስ ልጆችም የሚጨምሩበት? ይህ ጥያቄ ከሥዕል ቤት ወጥቶ እስከ ዛሬ ድረስ አገሪቱን ሲያከራክር የኖረ ነው። ገብረ ክርስቶስ ስለ መንግሥት አንድ ቃል ሳይናገር በቀለም ብቻ አስነሣው። የሚያሳዝነው ደግሞ፣ የእኛ አይደለም የተባለው ሰው ስለ አገሩ የገጠማቸው ግጥሞች በየሰው አፍ ሲኖሩ፣ እርሱ ራሱ በደርግ ዘመን ተሰድዶ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ በኦክላሆማ ሞተ።

ስለ መቃወሚያው የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ግማሽ እውነት አለው። ምንም ዓይነት የታወቀ ነገር ያልያዘ ሥራ ተመልካቹ የሚጨብጠው ስለማያገኝ ከእጁ ያመልጣል። ተክለ ሐዋርያት አዲሱን ቴያትር ሲያመጡ ሁሉ የሚያውቀውን የአራዊት ተረት ይዘው መጡ። ፒካሶ አካሉን ሁሉ ቢቆራርጠውም የሞተ ልጅ የታቀፈች እናት ምን እንደ ሆነች የማያውቅ የለም። ገብረ ክርስቶስም አንዱን ቀይ ሥዕል “ጎልጎታ” ብሎ በሰየመው ጊዜ ስቅለትን የሚያውቅ ሕዝብ የሚገባበትን በር ከፍቶለታል። በሩ ሳይከፈት የተሠራውን ብዙ ሥራ አይቻለሁ፤ ሠሪው ከወዳጆቹ ጋር ያወራበታል፤ የቀረነው እንደ ገባን መስለን እንወጣለን። ይህ ዓይነቱ ከሹክሹክታ አይሻልም። ነገር ግን ሁለተኛው ግማሽ ስሕተት ነው፤ ሕዝብ አይረዳም የሚለውን የሚናገሩት ብዙ ጊዜ ሕዝቡን ጠይቀው አያውቁም። እኔም ከነዚህ አንዱ ነበርሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከገጠር ለሕክምና የመጡ አጎቴን ይዤ ስመለስ፣ ዝናብ አስገድዶን አንድ የሥዕል ኤግዚቢሽን ወደ ነበረበት አዳራሽ ገባን። ጥግ ላይ ዳር እስከ ዳር ደማቅ ቀይ የሆነ፣ በመካከሉ አንዲት ነጭ መሥመር ብቻ ያለችበት ትልቅ ሸራ ተሰቅሎ ነበር። አጎቴ ከፊቱ ቆመው ቀሩ። እኔም እንዳይሰለቹ ብዬ፣ ደግሞም ሰው እንዳይታዘበን ፈርቼ፣ “ጋሼ፣ ይህ ረቂቅ ሥዕል የሚባለው ነው፤ ብዙም ትርጉም አይፈለግበትም” አልኋቸው። ዞር ብለው ሳያዩኝ “ዝም በል አንተ!” አሉኝ። ቆየት ብለውም ከዘራቸውን ወደ ሸራው አቅንተው፣ “ይህ የታረሰ መሬት ነው፤ እርጥብ ነው፤ ገና ዘር አልወደቀበትም። ይህ ነጩ ደግሞ የቀያሽ ገመድ ነው” አሉ። ጥቂት ዝም አሉና፣ “ባለቤቱ የታለ? ባለቤቱን ለምን አልሣለውም?” ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

ዝናቡ አባርቶ ሚኒባስ ተሳፈርን። አጎቴ ያዩትን ነገር ከጎናቸው ለተቀመጠ ጎልማሳ ይነግሩት ጀመር፤ ስለ ቀይ መሬትና ስለ ገመዱ። ጎልማሳው “አባባ፣ መሬቱ እኮ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ባለቤት ብሎ ነገር ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የለም” አላቸው። ከኋላ የተቀመጠች ሴት “ሕዝብ ማለት ማነው? እኔ ሕዝብ ነኝ፤ የት አለ መሬቴ?” አለች። አንዱ ደግሞ መሬት ይሸጥ ቢባል ገበሬው በአንድ ክፉ ዓመት ሸጦ ከተማ ገብቶ ይለምናል ብሎ ተቃወመ፤ ሌላው የማይሸጥ ነገር የራስ አይባልም አለው። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ቀነሰ። አጎቴ አንድም ቀን ትምህርት ቤት ያልገቡ ሰው ናቸው፤ ሁሉንም በተራ እያደመጡ፣ ያኛው ሲናገር ይህኛውን በእጃቸው ዝም እያሰኙ፣ እንደ እድር ዳኛ ያናግሯቸው ነበር። ወያላው “ወራጅ የለም?” እያለ ቢጠራም ከመካከላችን የመለሰለት አልነበረም፤ እኔም ከመኪናው የወረድሁት መውረጃችንን ካለፍን ብዙ ቆይቶ ነው።